ከትምህርት ቤት ሜዳ የተነሡ የሴቶች የቅርጫት ኳስ ቡድኖች

የጦሳ ነፋስ ኳሳችንን ከቅርጫቱ ባሳተው ቁጥር፤ በሜዳው ዳር የተቀመጡት ወንዶች ልጆች «ይህ ደግሞ የሴት ጨዋታ ነው እንዴ?» እያሉ ይሥቁብናል። ለግጥሚያ ወደ ኮምቦልቻ በወረድን ጊዜም ይኸው ጥያቄ ቀድሞን ደርሶ ቈየን። ስለዚህ ለዚህ የመታሰቢያ መጽሔት የጨዋታውን ታሪክ በአጭሩ ለመጻፍ አሰብሁ። ዓመቶቹን የጻፍሁት በአውሮጳ አቈጣጠር ነው።

የቅርጫት ኳስን በ1891 በአሜሪካ፤ ስፕሪንግፊልድ በተባለች ከተማ የፈጠረው ጄምስ ኔይስሚዝ የሚባል መምህር ነው። በማግሥቱ ዓመት ሴንዳ ቤረንሰን የተባለች መምህርት በስሚዝ ኮሌጅ ለሴቶች ተማሪዎቿ አስተማረች። በመጋቢት 1893 ባደረጉት ግጥሚያ ወንድ ተመልካች እንዳይገባ ተከልክሎ ነበር። እንግዲህ ሴቶች በዚህ ጨዋታ የትናንት እንግዶች አይደሉም።

ለእኛ ለተማሪዎች ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው የካናዳው የኤድመንተን ቡድን ነው። ፐርሲ ፔጅ የተባሉ መምህር በአንድ የንግድ ትምህርት ቤት ያሠለጠኗቸው ልጃገረዶች በ1915 የክፍለ ሀገራቸው አሸናፊ ሆኑ። ትምህርታቸውን ሲጨርሱ መለያየቱ ከበዳቸውና «ተመራቂዎች» የሚል ስም ይዘው እስከ 1940 ድረስ ተጫወቱ። በእነዚያ 25 ዓመታት 502 ጊዜ አሸንፈው የተሸነፉት 20 ጊዜ ብቻ ነው! ደመወዝ ግን አልነበራቸውም፤ ቀን በቢሮና በማስተማር ሥራ ይውላሉ፤ ከዚያ በኋላ ይለማመዳሉ።

በኳስ እንጀራ የበሉት ሌሎች ናቸው። በ1936 በሚዙሪ የተቋቋመው «ቀይ ጠጉሮች» የተባለ ቡድን በየከተማው እየዞረ ከወንዶች ጋር በወንዶች ሕግ ይጋጠም ነበር። እናቶቻችን እጃቸውን እንሶስላ እንደሚሞቁ፤ እነርሱ ደግሞ ጠጉራቸውን ቀይ ይቀቡ ነበር። ይህ ቡድን እስከ 1986 ቈይቷል።

የመጀመሪያው የአሜሪካ የደመወዝተኞች ሴቶች ማኅበር በታኅሣሥ 1978 ውድድር ጀመረ፤ በ1981 ግን በገንዘብ ችግር ፈረሰ። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር የሚኒሶታ ተጫዋቾች ደመወዛቸው ስላልተከፈላቸው ቺካጎ ላይ ጨዋታው ሊጀመር ሲል ሜዳውን ጥለው ወጡ። ይህን ሳነብ አዘንሁ፤ ሆኖም ደግ አደረጉ ብያለሁ።

ዛሬ በዓለም የታወቀው የሴቶች ማኅበር በ1997 በ8 ቡድኖች ውድድሩን ጀመረ። የሂዩስተን ቡድን ከ1997 እስከ 2000 ድረስ አራቱን ዋንጫዎች በተከታታይ ወሰደ። በኋላ ሲያትልና ሚኒሶታም አራት አራት አግኝተዋል፤ በተከታታይ አራት ጊዜ የወሰደ ግን እስከ 2025 ድረስ ሌላ የለም። ይሁን እንጂ ያ ባለ አራት ዋንጫ ቡድን የሚገዛው ባለሀብት ታጥቶ በ2008 ተዘጋ። ዋንጫ ኪራይ አይከፍልም መሰለኝ። ከተጫዋቾቹ ዳያና ቶራሲ 10,646 ነጥብ አስቈጥራ በ2025 ጨዋታ አቁማለች። ይህን ያወቅነው እያንዳንዱ ነጥብ ስለ ተመዘገበ ነው።

በእኛ ሜዳ ግን ከእኛ በፊት የተጫወቱት እኅቶቻችን ስንት እንዳገቡ የሚናገር አንድ ወረቀት እንኳ አላገኘሁም። ስለዚህ በዚህ ዓመት አንድ ደብተር ገዝቼ መመዝገብ ጀምሬአለሁ። የመጀመሪያው ገጽ ኮምቦልቻ ላይ የተሸነፍንበት ነው።