ከማህፀን ቀዶ ሕክምና በፊት፦ የፍርሃትና የማጽናናት ታሪክ

የቀዶ ሕክምና ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው በሐኪሞች ስም፣ በመሣሪያዎች መሻሻልና በመድኃኒቶች መገኘት ዙሪያ ሲሆን፣ በጠረጴዛው ላይ የምትተኛው ታካሚ ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናትና ሌሊቶች ምን እንደፈራችና ፍርሃቷን በምን እንደቻለችው የተመዘገበው ግን ጥቂት ነው። የማህፀንና ከማህፀን ጋር የተያያዙ አካላት ቀዶ ሕክምና ደግሞ ከሌላው የተለየ ሸክም አለው፤ በሞትና በሕመም ፍርሃት ላይ ገላን ለባዕድ ዓይን የማጋለጥ ኃፍረት፣ የመውለድ ተስፋን የማጣት ስጋትና ትዳር ይናጋል የሚል ጭንቀት ይደረቡበታል። ያለፉት ሁለት መቶ ዓመታት ታሪክ በቅርብ ሲመረመር፣ ሕመምን ያሸነፈው ማደንዘዣ ቢሆንም ፍርሃትን ያቀለለው ግን እውነቱን መንገር፣ ፈቃድን ማክበርና በዚያው መንገድ ያለፈችን ሴት ከታካሚዋ አጠገብ ማስቀመጥ እንደሆነ ይታያል።

የዚህ ታሪክ ቀዳሚ ምዕራፍ የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1809 በአሜሪካ ኬንታኪ ግዛት ነው። ጄን ቶድ ክሮፎርድ የተባለች የገጠር ሴት ሆዷ ከመጠን በላይ በመግፋቱ እርጉዝ መስላ ብትታይም፣ ሐኪሙ ኤፍሬም ማክዳውል መርምሮ ያገኘው የሴት እንቁላል በሚፈጠርበት ክፍል፣ ማለትም በኦቫሪ ላይ የበቀለ ትልቅ እጢ ነበር። በዚያ ዘመን ሆድን መክፈት ሰውን ለሞት መስጠት ተደርጎ ይቆጠር ስለነበር፣ ማክዳውል አደጋውን ሳይሸሽግ ነገራት፤ ሥራው ገና ያልተሞከረ መሆኑንም አስረድቶ፣ እርሱ ወደሚኖርበት ወደ ዳንቪል ከተማ ከመጣች እንደሚያደርገው ቃል ገባላት። እርሷም ነገሩን ካሰበችበት በኋላ ወደ 100 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን መንገድ በክረምት ብርድ በፈረስ ተጉዛ ደረሰች፤ ቀዶ ሕክምናውም እንደ እነርሱ አቆጣጠር በገና ዕለት ያለ ምንም ማደንዘዣ በ25 ደቂቃ ውስጥ ተፈጸመ። በዚያች ሰዓት የዳዊትን መዝሙር በቃሏ ትደግም እንደነበር ይተረካል። ከ10 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝን እጢ ከወጣላት በኋላ በአምስተኛው ቀን አልጋዋን ራሷ ስታነጥፍ ተገኘች፣ በ25ኛው ቀን ወደ ቤቷ ተመለሰች፣ ከዚያም በኋላ ከ30 ዓመት በላይ በሕይወት ኖረች።

ጄን ክሮፎርድን ያቆማት ሃይማኖቷ ብቻ እንዳልነበረ ልብ ሊባል ይገባል። የሚጠብቃትን አውቃ፣ መርጣና ፈቅዳ የሄደች በመሆኗ ፍርሃቷ ዓይኑ የተገለጠ ፍርሃት ነበር። ይህ ምርጫ የተነፈጋቸው ሴቶች ታሪክ ግን ከእርሷ ብዙም ሳይርቅ፣ በዚያችው አገር ደቡባዊ ክፍል፣ በአላባማ ግዛት ሞንትጎመሪ ከተማ ተፈጽሟል። ጄምስ ማሪዮን ሲምስ የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. ከ1845 እስከ 1849 ድረስ ፊስቱላ የያዛቸውን በባርነት የሚኖሩ ጥቁር ሴቶች ደጋግሞ ቀዷቸዋል። ፊስቱላ ማለት ምጥ ለቀናት ሲራዘም የሕፃኑ ጭንቅላት በዳሌ አጥንት ላይ የሚጫነው ሥጋ ሞቶ በሽንት ፊኛና በብልት መካከል ቀዳዳ ሲፈጠር፣ ሴቲቱ ሽንቷን መቆጣጠር የሚሳናት ጉዳት ነው። ከእነዚህ ሴቶች ስማቸው የቀረልን አናርካ፣ ቤትሲና ሉሲ ሲሆኑ፣ አናርካ ብቻ ወደ 30 ጊዜ ያህል ተቀዳለች፤ ሁሉም ያለ ማደንዘዣ ነበር፣ ፈቃድ የተጠየቀውም ከባሪያ አሳዳሪዎቻቸው እንጂ ከራሳቸው አልነበረም።

ሲምስ በኋላ ራሱ እንደጻፈው፣ መጀመሪያ ይረዱት የነበሩ ሐኪሞች ውጤት ባለማየታቸው ሲተዉት፣ በቀዶ ሕክምናው ጊዜ የሚረዱት ራሳቸው ታካሚዎቹ ሆኑ፤ አንደኛዋ ስትተኛ ሌሎቹ ይይዟት፣ ያገለግሏትም ነበር። የሕክምና ታሪክ ለረጅም ዘመን ሐኪሙ ቀዳዳውን የዘጋበትን የብር ክር ስፌት ሲያወድስ፣ ከዚያ ስፌት ኋላ የቆመውን የሴቶቹን መደጋገፍ ሳይጠቅስ አልፏል። በኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ ዳር ቆሞ የነበረው የሲምስ ሐውልት እ.ኤ.አ. በ2018 መነሳቱ፣ ያ ዝምታ ዘግይቶም ቢሆን መሰበሩን ያመለክታል።

ሐውልቱ ከመነሳቱ ከ170 ዓመታት በላይ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1846፣ በቦስተን ከተማ በማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ኤተር የተባለው የሚተነፈስ ማደንዘዣ በአደባባይ ታየ፤ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ የኤድንብራው የማህፀን ሐኪም ጄምስ ያንግ ሲምፕሰን ክሎሮፎርምን ለወላዶች መስጠት ጀመረ። ጆሴፍ ሊስተር እ.ኤ.አ. በ1867 ቁስልን ከጀርም የሚጠብቅበትን ዘዴ ካሳተመ በኋላ፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ በመመርቀዝ ይመጣ የነበረው ሞት እየቀነሰ ሄደ። በእነዚህ ግኝቶች የተነሳ ሆድን መክፈትም ሆነ ማህፀንን ማውጣት የዕለት ተዕለት ሥራ ለመሆን በቃ። ፍርሃቱ ግን መልኩን ለወጠ እንጂ አልጠፋም፤ በቢላዋ ሕመም ፋንታ ተኝቶ ያለመንቃት፣ ራስን ሳያውቁ በሌላ እጅ የመሆንና ከነቁ በኋላ የሚሰማውን ያለማወቅ ፍርሃት ተተካ። ሕሙማን የማያዩትንና የማይሰሙትን ነገር ማስረዳት ትርፍ ሥራ መስሎ ስለታየ፣ በብዙ ሆስፒታሎች ታካሚዋ ስለራሷ ገላ የምታውቀው ከሁሉ ያነሰ ሆኖ ቆየ።

ሕመም ድል የተነሳበት የቦስተኑ ሆስፒታል ከ118 ዓመታት በኋላ የፍርሃትም መመርመሪያ ሆነ። ሎረንስ ኤግበርት የተባለ የማደንዘዣ ሐኪምና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተሙት ጥናት፣ የሆድ ቀዶ ሕክምና የሚደረግላቸውን 97 ታካሚዎች በሁለት ከፍለው፣ ለአንደኛው ወገን በዋዜማው ሕመሙ የት እንደሚሰማቸው፣ ሕመም መሰማቱ የሚጠበቅ እንደሆነ፣ ጡንቻን በማዝናናትና በጥልቅ በመተንፈስ እንዴት ሊያቀሉት እንደሚችሉ አስረዱ፤ ለሌላው ወገን ግን ስለ ሕመሙ ምንም አልተነገረም። እውነቱ የተነገራቸው ታካሚዎች ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የወሰዱት የሕመም ማስታገሻ በግማሽ ያህል ያነሰ ሲሆን፣ በአማካይ 2.7 ቀን ቀድመውም ወደ ቤታቸው ተሰናበቱ። በዚህም ማክዳውል ለጄን ክሮፎርድ ያደረገው፣ ማለትም መጪውን ነገር ሳይሸሽጉ መናገር፣ ከደግነት አልፎ ራሱን የቻለ ሕክምና እንደሆነ በቁጥር ተመሰከረ።

በኢትዮጵያ ይህ ታሪክ የራሱን መንገድ ይዟል። ወሊድ በሞትና በሕይወት መካከል የሚያልፍ ሰዓት መሆኑን የአገሩ ሰው ጥንቱን ስለሚያውቅ፣ ምጥ የያዛትን ሴት ጎረቤቶች ከብበው «ማርያም ትቅረብሽ» ይሏታል፤ ስትገላገል ደግሞ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያሉ ይጠይቋታል። ምጡ ለቀናት ዘልቆ ልጁ የሞተባትና ፊስቱላ የደረሰባት ሴት ግን ከዚህ ክበብ ተገልላ፣ በሽታው በዓለም ላይ እርሷን ብቻ ያገኛት እየመሰላት ትኖር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1959 ካትሪንና ሬጂናልድ ሃምሊን የተባሉት ባልና ሚስት ሐኪሞች የአዋላጅ ነርሶች ትምህርት ቤት ለማቋቋም ተቀጥረው ወደ አዲስ አበባ በመምጣት በልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ሥራ ሲጀምሩ፣ እንዲህ ያሉ ሴቶች ከሩቅ ገጠር እየመጡ ደጃፋቸውን ሞሉት። እ.ኤ.አ. በ1974 የተመሠረተው የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል የዚህ ጥረት ፍሬ ነው።

የሆስፒታሉ ትልቅ ትምህርት ከስፌቱ ጥበብ ባሻገር የክፍሎቹ አያያዝ ነው። ብቸኛ ነኝ ብላ የመጣች ሴት ገና ስትገባ እንደ እርሷ ያሉ ብዙ ሴቶችን ታገኛለች፤ የምታጥባት፣ የምታበላትና ቀዶ ሕክምናው ምን እንደሚመስል የምትነግራት ረዳት ነርስ ደግሞ ብዙ ጊዜ ራሷ በዚያው አልጋ ተኝታ የዳነች ናት። ስለዚህ ከወገብ በታች የሚያደነዝዘው በጀርባ የሚሰጥ መርፌ፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለቀናት የሚቆየው የሽንት ቱቦና ያለ መንቀሳቀስ የሚያስከትለው መሰልቸት የሚነገራት ባለፈበት ሰው አንደበት ነው። የዚህ አሠራር ዋና ምስክር ማሚቱ ጋሼ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1962 በታዳጊነቷ ታካሚ ሆና መጥታ፣ አልጋ በማንጠፍ ጀምራ፣ በቀዶ ሕክምና ክፍል መሣሪያ እያቀበለች ተምራ፣ በመጨረሻ ራሷ ፊስቱላ የምትጠግን ባለሙያ ሆናለች፤ እ.ኤ.አ. በ1989ም ከሃምሊኖች ጋር በለንደን ከሚገኘው የንጉሣዊው የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ የወርቅ ሜዳሊያ ተቀብላለች። በሞንትጎመሪ በግዳጅ የተወለደው የታካሚዎች መረዳዳት በአዲስ አበባ በፈቃድ፣ በደመወዝና በክብር የሚሠራ ሙያ ሆነ።

ዛሬ በኢትዮጵያም ሆነ በውጭ አገር ማህፀኗ እንዲወጣ ወይም እጢ እንዲነሳላት ቀጠሮ የተያዘላት ሴት በዋዜማው ጸሎቷን ታደርሳለች፣ ዱዓ ታደርጋለች፣ ጠበል ትጠጣለች፤ ይህ የቆየ ብርታት ማንም ሊነፍጋት የማይገባ ሀብቷ ነው። ከሐኪሟ የሚጠበቀው ደግሞ የስምምነት ፎርም አስፈርሞ ማለፍ ሳይሆን፣ ምን እንደሚወጣና ምን እንደሚቀር፣ ከዚያ በኋላ መውለድ ይቻል እንደሆነ፣ ሕመሙ ምን ያህል እንደሚቆይና ወደ ሥራና ወደ ትዳር ኑሮዋ መቼ እንደምትመለስ በምትረዳው ቋንቋ መንገር ነው። ቤተሰቧም «አትፍሪ» ከማለት ይልቅ የምትፈራውን ቢጠይቃትና ከቻለ ከዚያ ያለፈችን ሴት ቢያገናኛት የበለጠ ይረዳታል። ማደንዘዣና መድኃኒት ገንዘብ፣ መሣሪያና ባለሙያ ይሻሉ፤ እውነትን መንገርና አጠገብ መቀመጥ ግን እጅግ ደሃ በሆነው ሆስፒታልም ሊሰጡ የሚችሉ ሕክምናዎች ስለሆኑ፣ የሚነፍጋቸው ተቋም የሚያቀርበው ምክንያት የለውም።