ግሪሳ ወፍ
ግሪሳ ወፍ በሰቲትና በአትባራ ወንዞች መካከል ባለው ፋሽጋና በገዳሪፍ የማሽላ እርሻዎች በመንጋ የሚሰፍር፣ ከ15 እስከ 20 ግራም የሚመዝን ዘር በል ወፍ ነው። የሴቷ ቀይ መንቁር በመራቢያ ወቅት ወደ ቢጫ ይለወጣል። የሰብል ጠላት ብቻ አድርጎ ማየት ግን ኑሮውን አያስረዳም፤ ዋና ምግቡ የዱር ሣር ፍሬ ነው፣ ጫጩቶቹንም መጀመሪያ ነፍሳት ይመግባል። ማሽላን የሚወርረው በተለይ የሣሩ ፍሬ ሲያልቅበት ነው።

አንዱ ወፍ በቀን እስከ 10 ግራም ስለሚበላ መንጋውን በኬሚካል መፍጀት ይበጃል የሚሉ አሉ። ጉዳቱ እውነት ነው፤ ሆኖም ግሪሳ በግራር ዛፎች ላይ በጅምላ ጎጆ ሠርቶ በ10 እና 12 ቀን መካከል ስለሚፈለፍል ቶሎ ይተካል፣ መርዙም ጭልፊቶችን ጭምር ይገድላል። ስለዚህ ቶሎ የሚደርስ ዘር መዝራትና ማሽላው በሚያሽትበት ጊዜ መጠበቅ ይሻላል።