ስለ እምቢልታና ስለ መለከት መታደስ

ከደጀን ተነሥቶ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄድ መንገደኛ በአዋበል አገር በሉማሜ ከተማ በኩል ያልፋል። ደብረ ማርቆስ ቀድሞ መንቆረር ትባል የነበረችው ናት፤ ራስ አዳል በጥር ወር 1873 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ እጅ ነግሠው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከተባሉ በኋላም የጎጃም ንጉሥ መቀመጫ ሆና ኖራለች። በዚያ ዘመን ንጉሥ ወይም ራስ ሲጓዝ በፊቱ ነጋሪት ይመታል፥ መለከትና እምቢልታ ይነፋል፤ ሕዝቡም ባለ ሥልጣን መምጣቱን ከዐይኑ አስቀድሞ በጆሮው ያውቅ ነበር። ዛሬ በዚሁ መንገድ ላይ የሚሰማው የመኪና ጥሩንባ ነው። ያ የቀድሞው ዕቃ ከአደባባይ የጠፋው አርጅቶ ነውን፥ ወይስ የሚያድሰው አጥቶ? ይህን ጥቂት መመርመር ይገባል።

እምቢልታ እንደ ዋሽንት በጣት የሚደፈን ቀዳዳ የለውም። አንዱ ነፊ የሚያወጣው አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ብቻ ስለ ሆነ፥ አንድ እምቢልታ ብቻውን ዜማ አይሆንም። ሦስት ሰዎች ሦስት እምቢልታ ይዘው፥ አንዱ ሲተው ሌላው እየተቀበለ፥ ዜማውን ከሦስት አፍ አውጥተው አንድ ያደርጉታል። አንዱ ቢዘገይ የሁለቱ ድካም ከንቱ ነው። በማኅሌት ቆመው በቀኝና በግራ የሚቀባበሉ መዘምራን ይህን ለመረዳት አይቸገሩም።

ከዚህም የተነሣ እምቢልታን ማደስ አንድ ሸምበቆ ቈርጦ በአሮጌው ፈንታ እንደ መተካት ቀላል አይደለም። የድምፁ ከፍታና ዝቅታ በርዝመቱ ላይ የቆመ ነውና፥ ከሦስቱ አንዱ በበጋ ፀሐይ ቢሰነጠቅ አዲሱ ከቀሩት ከሁለቱ ጋራ እስኪስማማ ጥቂት በጥቂት ማሳጠር ያስፈልጋል፤ አንድ ጊዜ ከልክ ያለፈ ያጠረ እንደ ሆነ ደግሞ የሚያስረዝመው የለም። ስለዚህ ሦስቱን በአንድ ቀን፥ በአንድ እጅ ሠርቶ ማደስ የተሻለ ነው።

የመለከትን ነገር ደግሞ ከ1762 እስከ 1764 ዓ.ም. በጎንደር የተቀመጠው የስኮትላንድ ሰው ጄምስ ብሩስ ጽፎታል። እርሱ እንዳየው መለከት የመቃ ዕቃ ነው፤ ርዝመቱ አንድ ሜትር ከስድሳ ሳንቲሜትር ያህል፥ ቀዳዳው ጠባብ፥ በጫፉ የቅል አንገት እንደ ደወል ሆኖ የተገጠመበት፥ የቅሉም ጠርዝ በነጫጭ ዛጎል ያጌጠ፥ ላዩ በብራና የተሸፈነ ነው። የሚያወጣው አንድ ሻካራ ድምፅ ብቻ ሲሆን፥ በጉዞ ጊዜ በዝግታ፥ ጠላት በታየ ጊዜ ግን ቶሎ ቶሎ ይነፉታል። ከዚያ በኋላ በተሠሩት መለከቶች ላይ በቅሉ ፈንታ የብረት ደወል እናያለን። ቅል ይሰበራል፥ ብረት ግን ይቈያል፤ የአነፋፉ ሥርዓት አልተነካም። እውነተኛ መታደስ እንዲህ ያለው ይመስለኛል። ሙሴም በኦሪት ዘኁልቍ በምዕራፍ 10 ሁለት መለከቶችን ከብር ቀጥቅጦ እንዲሠራ ታዝዟልና፥ የቀንድ ወይም የመቃ መለከት ብቻ ነው የተፈቀደው የሚል አይኖርም።

የብሩስ አገር ሰዎች ለራሳቸው የነፋስ ዕቃ ያደረጉትም ይህንኑ ነው። እነርሱ ከረጢቱን ከቆዳ ሰፍተው፥ የእንጨት ቧንቧዎች ሰክተው፥ በክንዳቸው እየተጫኑ ይነፋሉ። አንዱ ቧንቧ ቀዳዳ ያለውና ዜማ የሚያወጣ ነው፤ ሦስቱ ግን ቀዳዳ የላቸውም፥ እያንዳንዱም አንድ የማይለወጥ ድምፅ ብቻ ያሰማል፤ ሦስት መሆናቸው የእኛን እምቢልታ ያሳስባል። (በእኛ አገር አቁማዳ በየቤቱ፥ ሸምበቆ በየወንዙ ሳለ ሁለቱን ያጋጠማቸው ሰው አለመኖሩ ያስገርመኛል።) ቧንቧዎቹን በመጀመሪያ ከአገራቸው እንጨት ይሠሩ ነበር፤ መርከቦቻቸው ከሩቅ አገር ጠንካራ እንጨት ሲያመጡላቸው ወደዚያ ተሻገሩ፤ በኋላም በውኃ ላይ ቢጥሉት የሚሰጥመውን የአፍሪካ ጥቁር እንጨት መረጡ። ይህ ዛፍ በታንዛንያና በሞዛምቢክ፥ እንዲሁም በእኛው በሰሜን ምዕራብ ቆላ ይበቅላል። እንጨቱ ሁለት ጊዜ ሲለወጥ ዕቃው ግን ያው ዕቃ ሆኖ ቀረ።

በእኛ ዘንድ የመጣው ሌላ ነው። ከዓድዋ ድል ከ1888 ዓ.ም. በኋላ የሩሲያው ንጉሥ ኒቆላዎስ 2ኛ ለዐፄ ምኒልክ የናስ ሙዚቃ መሣሪያዎች ላኩ። በ1916 ዓ.ም. ደግሞ አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በኢየሩሳሌም ያዩአቸውን 40 አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች ወደ አዲስ አበባ አስመጡ፤ መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። በ1923 ዓ.ም. በዘውድ በዓል ጊዜ የተሰማውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማውን ናልባንዲያን ሲደርሰው፥ ቃሉን የደረሰው የጎጃሙ ባለ ቅኔ የደብረ ኤልያስ ተወላጅ ዮፍታሔ ንጉሤ ነው። የናስ ሙዚቃ መምጣቱን የምነቅፍ አይደለሁም፤ የጎጃም ቅኔ በናስ መታጀቡ ለእኔ ኩራት ነው። ነገር ግን ናሱ የገባው እምቢልታን ለማደስ ሳይሆን በስፍራው ለመቆም ነበር፤ በ1967 ዓ.ም. ዘውዱ ሲወርድ ደግሞ እምቢልታ የሚነፋለት አደባባይ ቀረ።

ነጋሪት ቢያንስ ስሙ ተርፎለታል፤ በ1934 ዓ.ም. ነጋሪት ጋዜጣ ተብሎ ወደ ወረቀት ገብቶ፥ ሕግ ዛሬም በስሙ ይታወጃል። ዋሽንትም ጌታው እረኛ ነውና ሹመት ቢሻር አልጐዳውም። በትግራይ ሕዝቡ እምቢልታን በሠርጉና በበዓሉ አስገብቶ፥ ከብረት ቧንቧ ሠርቶ ያስነፋዋል። በጎጃም ደጋ ግን የመኳንንት ዕቃ ሆኖ ስለ ኖረ ከመኳንንቱ ጋራ ዝም አለ።

ቅሉም፥ ብራናውም፥ መቃውም ዛሬ በአገራችን አይታጡም፤ ብሩስ ልኩን ስለ ተወልን መለከትን እንደ ቀድሞው መሥራት ይቻላል። የጎጃም እምቢልታ ልክ ግን በራሱ በእምቢልታው ላይ ብቻ የተጻፈ ነው። ስለዚህ በደብሩ ዕቃ ቤት ወይም በአያቱ ሣጥን አሮጌ እምቢልታ ያለው ሰው ቢኖር፥ ተሰንጥቋል ብሎ ከመጣሉ ወይም ለነጋዴ ከመሸጡ በፊት የሦስቱንም ርዝመትና የቀዳዳቸውን ስፋት ለክቶ በወረቀት ይጻፍ፤ ሁለቱ ብቻ ቢገኙም የሁለቱን ይጻፍ።