ፔሬስትሮይካ፦ እንግሊዝኛ ያቃተው ቃል

ፔሬስትሮይካ የሚለውን ቃል ያልሰማ የለም። ጎርባቾቭ፣ ሶቪየት ኅብረት፣ መፍረስ... ሦስቱን ደርድረን እናልፋለን። ግን ትርጉሙ ምንድን ነው? ጣጣው እዚህ ላይ ይጀምራል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹም ሲጨነቁበት ቆይተው በመጨረሻ ቃሉን እንዳለ ወሰዱት። እኛ ግን እስቲ ዛሬ እንፍታው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ላይ ላዩን ሲታይ ቀላል ነው። «ፔሬ» እንደገና፣ «ስትሮይካ» ግንባታ። ሩሲያዊ ግን ቃሉን ለብዙ ነገር ይጠቀምበታል፤ ቤት አፍርሶ ሲሠራ፣ የሙዚቃ መሣሪያ ሲቃኝ፣ ወታደር ሰልፉን ቀይሮ ሲቆም። ቤት መሥራትና በትእዛዝ ሰልፍ መቀየር እንዴት ይገናኛሉ? በዚህ ቃል ውስጥ ይገናኛሉ!

ጎርባቾቭም ቃሉን አልፈጠረውም። በ1932 በስታሊን ዘመን የኮሚኒስት ፓርቲው ማዕከላዊ ኮሚቴ የሥነ ጽሑፍ ድርጅቶችን «ፔሬስትሮይካ» የሚመለከት ውሳኔ አውጥቶ ነበር። ውጤቱ የደራስያን ቡድኖች መፍረስና ሁሉም በአንድ ማኅበር ሥር መጠቃለል ሆነ። ስለዚህ ሞስኮ ላለ አዛውንት ቃሉ የቆየ የቢሮ ቃል ነበር፤ ለንደን ላለ አንባቢ ግን ትኩስ ዜና።

ተርጓሚዎቹ ምን ምርጫ ነበራቸው? «መልሶ ግንባታ» ቢሉ አሜሪካዊው ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ የነበረውን ከ1865 እስከ 1877 ያለውን ዘመን ያስባል። «መልሶ ማዋቀር» ቢሉ የ1980ዎቹ አንባቢ ኩባንያ ሠራተኛ ሲቀንስ ይታየዋል። «ሪፎርም» እንዳይሉ ሩሲያኛ ለሪፎርም የራሱ ቃል አለው። በዚያ ላይ ጎርባቾቭ ራሱ በ1986 ክረምት በካባሮቭስክ ባደረገው ንግግር ፔሬስትሮይካን ከአብዮት ጋር እኩል አድርጎታል። አንዱ ያንሳል፣ ሌላው ይበዛል። በ1987 የጎርባቾቭ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ሲወጣ ሽፋኑ ላይ የተጻፈው ያው ሩሲያኛው ቃል ነው።

ሳይተረጎም የቀረ ቃል ደግሞ ሁሉም የፈለገውን ይሞላበታል። ብዙ ምዕራባውያን ነፃ ገበያና ምርጫ ሰሙበት። መጽሐፉ ውስጥ ግን ጎርባቾቭ መፍትሔውን የምንፈልገው ከሶሻሊዝም ውጪ ሳይሆን እዚያው ውስጥ ነው ይላል። አንባቢው ሽፋኑን እንጂ ውስጡን አልሰማም ማለት ነው።

የተተረጎሙትም ቢሆኑ አልዳኑም። «ኾዝራስቾት» የሚለውን የኢኮኖሚ ቃል እንውሰድ። በእንግሊዝኛ «የኢኮኖሚ ሂሳብ አያያዝ» ተብሎ ተተረጎመ፤ ሰሚው መዝገብ የያዘ ሂሳብ ሠራተኛ ይመስለዋል። ቃሉ ግን ከ1920ዎቹ ጀምሮ የነበረ ሲሆን ትርጉሙ የመንግሥት ፋብሪካ ወጪውን ከራሱ ገቢ ይሸፍን ማለት ነው። በ1987 የወጣው የመንግሥት ድርጅቶች ሕግ ይህንኑ አጠናከረው። ችግሩ ብዙው ዋጋ አሁንም በመንግሥት ይወሰን ነበር፤ ትልቁን ትእዛዝ የሚሰጠውም መንግሥት ነው። ራስህን ቻል ተብለህ የምትሸጥበትን ዋጋ ግን ሌላ ሰው ይወስንልሃል! ይህን ሁሉ «ሂሳብ አያያዝ» የሚለው ትርጉም ደበቀው።

ሕዝቡ ግን ቃሉን ያለ መዝገበ ቃላት ተርጉሞት ነበር። በዘመኑ የሚወራ ቀልድ አለ፦ መጀመሪያ ፔሬስትሮይካ፣ ቀጥሎ ፔሬስትሬልካ፣ በመጨረሻ ፔሬክሊችካ። ሁለተኛው ተኩስ መለዋወጥ ነው፤ ሦስተኛው እስረኛ በስም እየተጠራ መቆጠር። ወደ እንግሊዝኛ ሲሄድ ቤት መምታቱ ይጠፋል፣ ፍርሃቱም አብሮ ይጠፋል። ያ ሕዝብ ከ1932 የተማረውን አልረሳም ነበር፤ ከላይ «እንደገና እንገንባ» ሲባል ማን እንደሚፈርስ ይጠይቃል።

እኛስ ጋ? መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በማርች 1990 «ቅይጥ ኢኮኖሚ» ሲያውጁ ቃሉ ወደ እንግሊዝኛ ያለ ችግር ይገባል። በ2001 ኢሕአዴግ ያወጀው «ተሃድሶ» ግን ሌላ ነው። «መታደስ» ብሎ የተረጎመ ፈረንጅ አልተሳሳተም። ግን በኋለኞቹ ዓመታት የታሰሩ ወጣቶች ከመፈታታቸው በፊት የሚወስዱት ሥልጠናም «ተሃድሶ» ይባል እንደነበር ካልጨመረ ግማሹን ጥሎታል።

ለዚህ ነው የፖለቲካ ቃል ስንተረጉም መዝገበ ቃላት አይበቃም የምንለው። ማን ነው አዳሹ? ታዳሹስ ማን ነው? ቃሉ ከዚህ በፊት በማን ላይ ውሎ ያውቃል? እነዚህን የመለሰ ተርጓሚ ሩሲያኛውን እንዳለ ቢተወውም ይገባናል። ካልመለሰ ግን የቱንም ያህል ያማረ ቃል ቢያገኝ አልተረጎመልንም።

እናንተስ የትኛውን የእኛን ቃል ለፈረንጅ ማስረዳት አቃታችሁ?