ድልድይ ሲሻገሩ የሚለወጠው ሕግ፤ ፍቺና የመኪና አደጋ በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ

በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ ከሚኖሩ ወገኖቻችን ብዙዎቹ የሚያድሩት በአንድ ስቴት፣ የሚሠሩት በሌላው ነው፡፡ አሌክሳንድርያ አድሮ ዲሲ ታክሲ የሚነዳ፣ ልጆቹን ሲልቨር ስፕሪንግ እያስተማረ አርሊንግተን የሚሠራ ሞልቷል፡፡ አገሩ አንድ አሜሪካ ይሁን እንጂ ጋብቻን፣ ፍቺን፣ ልጅ ማሳደግንና የአካል ጉዳት ካሣን በአብዛኛው የሚወስነው የየስቴቱ ሕግ ነው፡፡ (ዲሲ ስቴት ባትሆንም የራሷ ሕግና ፍርድ ቤት ስላላት እዚህ እንደ አንድ ስቴት ትቆጠራለች፡፡) ስለዚህ ቡና ላይ “የአሜሪካ ሕግ እንዲህ ነው” የሚል ሲገጥማችሁ “የየትኛው ስቴት?” ብላችሁ ጠይቁ፡፡

ከመኪና አደጋ እንጀምር፡፡ በአብዛኞቹ ስቴቶች ተጎጂው ራሱም ጥፋት ካለበት ካሣው በጥፋቱ መጠን ይቀነስበታል፡፡ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዲሲ ግን ከአላባማና ከሰሜን ካሮላይና ጋር “ኮንትሪቢውተሪ ኔግሊጀንስ” የሚባለውን አሮጌ ደንብ ይዘው የቀሩ ናቸው፡፡ በዚህ ደንብ ሌላው አሽከርካሪ 95 በመቶ፣ እርስዎ 5 በመቶ ጥፋተኛ ከሆናችሁ እርስዎ አንድ ሣንቲም ላያገኙ ይችላሉ፡፡ የሜሪላንድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 ደንቡን እንዲለውጥ ተጠይቆ፣ ይህ የሕግ አውጪው ሥራ ነው በማለት ሳይነካው ቀርቷል፡፡ ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣችው ሕግ ለእግረኞችና ለብስክሌት ነጂዎች አሻሽላዋለች፤ ጥፋታቸው ከተከሳሹ ካልበለጠ ካሣ አይከለከሉም፡፡ መሪ ለጨበጠው ሰው ግን ደንቡ እንደነበረ ነው፡፡

እኛ ዘንድ ከተጋጩ በኋላ “ይቅርታ” ማለት ጨዋነት ነው፡፡ እዚህ ግን ቃሉ በፖሊስ ሪፖርት ላይ ሊሰፍር ይችላል፡፡ የሌላው ወገን ኢንሹራንስ ሠራተኛ በማግሥቱ ደውሎ በለሰለሰ ድምፅ “ትንሽ ፈጥነው ነበር እንዴ?” ሲል “ምናልባት ትንሽ” ብሎ መመለስም ክሱን ሙሉ በሙሉ ሊያሳጣ ይችላል፡፡ እውነቱን ደብቁ ማለታችን አይደለም፤ ያላዩትንና ያልለኩትን በግምት አይናገሩ ነው፡፡

የክስ ጊዜውም ይለያያል፡፡ በቨርጂኒያ ለአካል ጉዳት 2 ዓመት፣ በሜሪላንድና በዲሲ 3 ዓመት ነው፡፡ ተከሳሹ የዲሲ መንግሥት ከሆነ በ6 ወር ውስጥ በጽሑፍ ማሳወቅ ግድ ነው፡፡ ከኢንሹራንስ ጋር መደራደር ብቻውን ይህን ጊዜ አያቆመውም፤ “እየተነጋገርን ነው” ሲሉ ቀኑ ያለፈባቸው ብዙ ናቸው፡፡

ወደ ፍቺ ስንመጣ፣ ሜሪላንድ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2023 ጀምሮ በጥፋት ላይ የተመሠረቱ የፍቺ ምክንያቶችን ሰርዛለች፤ ባልና ሚስት በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ እንኳ ኑሯቸውን ለ6 ወር ከለያዩ በቂ ነው፡፡ ዲሲም እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ ተለያይቶ የመቆየትን ግዴታ አንሥታለች፡፡ ቨርጂኒያ ግን አንድ ዓመት ተለያይቶ መኖርን ትጠይቃለች፤ የጽሑፍ ስምምነት ካለና ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ከሌለ 6 ወር ይበቃል፡፡ ዝሙትም በቨርጂኒያ ዛሬም የፍቺ ምክንያት ነው፤ ቀለብ እስከማስከልከል ሊደርስ ይችላል፡፡

ሁለቱ ጉዳዮች የሚገናኙት ባለካሣው ሲፋታ ነው፡፡ በቨርጂኒያ በትዳር ዘመን ለቀረ ደመወዝና ኢንሹራንስ ላልሸፈነው ሕክምና የተከፈለው ለክፍፍል ይቀርባል፤ ለሕመምና ለሥቃይ የተከፈለው የተጎጂው ነው፡፡ ሁሉም በአንድ ድምር ተጽፎ ከተፈረመ መለየቱ ጣጣ ያመጣል፡፡ በሜሪላንድ ደግሞ ገና ያልተከፈለ የጉዳት ክስ የጋራ ንብረት እንዳልሆነ እ.ኤ.አ. በ1986 ተወስኗል፡፡ በትዳር ጓደኛ ጉዳት ምክንያት የጋብቻ ሕይወት መጓደሉን አንሥተው ባልና ሚስት በሜሪላንድ በጋራ ሊከሱ ይችላሉ፤ ቨርጂኒያ ይህን መብት አታውቅም፡፡

“ባልና ሚስት” ማለትስ? በሽማግሌ ተዳድረው የጋብቻ ፈቃድ ሳያወጡ የሚኖሩ አሉ፡፡ ዲሲ ባልና ሚስት ነን ብለው በግልጽ ተስማምተው አብረው የኖሩትን ያለ ወረቀትም ትቀበላለች፡፡ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ እንዲህ ያለ ጋብቻ ሊመሠረት አይችልም፤ ሌላ ቦታ በሕጋዊ መንገድ ተመሥርቶ ከመጣ ግን ይታወቃል፡፡

ከሁሉም የሚከብደው የልጅ ነገር ነው፡፡ በሦስቱም ቦታ በአሳዳጊነት ላይ ለመወሰን ቅድሚያ ያለው፣ ልጁ ከክሱ በፊት ባሉት 6 ተከታታይ ወራት የኖረበት ስቴት ፍርድ ቤት ነው፡፡ ለዚህ ጉዳይ የውጭ አገርም እንደ ስቴት ይቆጠራል፡፡ አያቱ ዘንድ ይቆይ ተብሎ አዲስ አበባ የተላከ ልጅ ቆይታው ጊዜያዊ መሆኑ ካልታየ ጉዳዩ እዚያ ይታይ ሊባል ይችላል፡፡ ኢትዮጵያ ደግሞ የ1980ውን የሄግ የሕፃናት ጠለፋ ስምምነት ስላልፈረመች በዚያ መንገድ ልጅን ማስመለስ አይቻልም፡፡ ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ የአሜሪካ ፓስፖርት ለማውጣት በመደበኛው አሠራር የሁለቱም ወላጆች ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ስጋት ያለበት ወላጅ በልጁ ስም ማመልከቻ ሲገባ እንዲነገረው በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ መመዝገብ ይችላል፡፡ ይህ ግን የአሜሪካውን ፓስፖርት ብቻ ነው የሚመለከተው፡፡