ንጽጽራዊ ሥርዐተ ድርሰት

በሁለተኛ ቋንቋ ስለሚጻፍ ድርሰት የሚመራመሩ ሊቃውንት «ኮንትራስቲቭ ሬቶሪክ» የሚሉትን ስም ወደ ልሳናችን ስናመጣ «ንጽጽራዊ ሥርዐተ ድርሰት» ብንለው ይሻላል ማለቴ፣ ሬቶሪክ የሚለው የግሪክ ቃል ከጥንት በሸንጎና በአደባባይ የሚቆም ሰው የአንደበት ርቱዕነት ሆኖ ሳለ፣ እነዚህ ሊቃውንት የሚመረምሩት ግን ጸሓፊ አሳቡን በወረቀት ላይ በምን ተራ እንደሚያሰልፍ ስለ ሆነ ነው።

የነገሩ ጀማሪ አሜሪካዊው ሮበርት ካፕላን፣ እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ተማሪዎች በእንግሊዝኛ የደረሱትን ወደ 600 የሚሆን ድርሰት መርምሮ፣ ሰዋስዉ የቀና ጽሑፍ እንኳ ለእንግሊዝኛ አንባቢ ግር የሚለው አሳቡ በአፍ መፍቻው ልማድ ስለ ተሰለፈ ነው ሲል አስተማረ። ይህንም በ5 ሥዕል ገለጠው፤ እንግሊዝኛን ቀጥ ብላ በምትወርድ ቀስት፣ የምሥራቅ እስያን ወደ ውስጥ በሚጠቀለል መስመር፣ የሴምን ቋንቋዎች ጎን ለጎን በሚሄዱ መስመሮች መሰላቸው።

እዚህ ላይ እኛን የሚነካ ነገር አለ። ካፕላን ለሴም ወገን ምስክር ያቆመው ዐረብኛንና በብሉይ ኪዳን የሚታየውን የአሳብ መንትያነት ነው፤ አማርኛችን ግን ከሴም ቢወለድም ከኩሽ ልሳናት ጋር ብዙ ዘመን ጎረቤት ሆኖ ስለ ኖረ፣ ጥገኛውን ሐረግ ሁሉ አስቀድሞ ማሰሪያ አንቀጹን ከመጨረሻ ስለሚያኖር፣ ያ ሥዕል በልኩ የተሰፋ ልብስ አይሆነውም።

እኔ ራሴ በተማሪነቴ ዘመን በእንግሊዝኛ የጻፍኩት የፈቃድ ማመልከቻ፣ ከጤና ጥያቄ ተነሥቶ፣ የዝናሙን ብርታትና የመንገዱን ርቀት ተርኮ፣ እናቴ መታመሟን በመጨረሻው መስመር ቢያስታውቅ፣ መምህሩ ያችን መስመር በቀይ ቀለም ከቦ ቀስቱን እስከ ገጹ ራስ ሳበው፤ ሰዋስዉን ግን አልነካውም። እንግዲህ ጥፋቱ የቋንቋዬ ነበርን? አይመስለኝም፤ እኔ የተከተልኩት የአገሬን የደብዳቤ ወግ ነው፤ ለታላቅ ሰው ጉዳይን ከሰላምታ በፊት ማውጣት ነውር ነበርና።

ካፕላንን የነቀፉትም በዚሁ በር ገቡ፤ የእንግሊዝኛን መንገድ ብቻ ቀጥ ያለ አድርጎ መሳሉንና ከተማሪ ድርሰት ተነሥቶ በሕዝብ አስተሳሰብ ላይ መፍረዱን አልተቀበሉትም። እሱም እ.ኤ.አ. በ1987 ነገሩን አጋንኖት እንደ ነበር አምኗል። በሁለተኛ ቋንቋ ለሚጻፍ ድርሰት ብቻ የተለየ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1992 ከተመሠረተ በኋላም ክርክሩ አልበረደም። በትውልዷ ፊንላንዳዊት የሆነችው ኡላ ኮነር ስሙን ወደ «ኢንተርካልቸራል ሬቶሪክ» ለውጣ፣ ደብዳቤን ከደብዳቤ፣ የገንዘብ መጠየቂያን ከገንዘብ መጠየቂያ ማስተያየትን መረጠች፤ ይህን «ማእከለ ባህል ሥርዐተ ድርሰት» ብለው ግእዙ ያግዘኛል።

«ሥርዐተ ድርሰት» የከበደው አንባቢ ቢኖር የተሻለውን ጽፎ ይላክልኝ፤ «የንግግር ጥበብ» ግን አይሁን።