መቃ፣ ጥላሸትና የማይፈራ መስመር

አዳማ ላይ (ናዝሬት የምትሉም አላችሁ፤ አንጣላም) ቤት ያሠራ ሰው ፑሚስን ያውቀዋል። ቀለል ያለ፣ ቀዳዳው የበዛ፣ ስምጥ ሸለቆ በእሳተ ገሞራ ዘመኑ የተፋው ድንጋይ ነው። ብሎኬት አምራቾች ከሲሚንቶ ጋር ያቦኩታል። ይህ ዓይነት ድንጋይ ግን ከብሎኬት በፊት ሌላ ሥራ ነበረው፤ ብራና ፋቂዎች የተወጠረ የፍየል ቆዳ ያሹበት ነበር። ስለ ሥዕል መስመር ለማውራት ከድንጋይ መጀመራችን ግር ካላችሁ ትንሽ ታገሡን።

እዚህ ከተማ ሥዕል የሚሞክሩ ጓደኞቻችን ብዙ ናቸው። አብዛኞቹ የሚስሉት በስልክና በታብሌት ነው። ቀለም አይገዙም፣ ወረቀት አያባክኑም፤ ጥሩ ነው። ስሞታቸው ግን አንድ ነው፤ መስመራቸው ይፈራል። አንድ ጉንጭ ለመሳል አሥራ አምስት አጫጭር ጭረት ይደራርባሉ፤ ካላማራቸው ወደ ኋላ የምትመልሰውን ምልክት ነካ ያደርጋሉ፤ እንደገና፣ አሁንም እንደገና። በመጨረሻ መስመሩ ያምራል። እጁ ግን ምንም አልተማረም።

በዚህ አገር እጃቸው ያልተንቀጠቀጠ ሰዎች ነበሩ፤ ሥራቸውም ሩቅ አይደለም። ከአዳማ በሞጆና በመቂ አድርጋችሁ ወደ ደቡብ ስትወርዱ ባቱን፣ የቀድሞዋን ዝዋይ፣ ታገኛላችሁ። ከሐይቁ ደሴቶች ትልቁ ቱሉ ጉዶ ነው፤ ደብረ ጽዮን ማርያም ያለችው እዚያ ነው። የደሴቱ የዘይ ሰዎች ትውፊት እንደሚለው፣ ዮዲት ጉዲት አክሱምን ስታጠፋ ካህናት ታቦተ ጽዮንንና መጻሕፍትን ይዘው ወደዚህ ሸሹ፤ አገር ሲረጋ ታቦቱ ተመለሰ። የታሪክ ምሁራን በትውፊቱ ላይ ቢከራከሩ መብታቸው ነው። ጥንታዊ ብራናዎቹ ግን ደሴቱ ላይ ቆይተዋል፤ የ16ኛውን ክፍለ ዘመን ጦርነትም በውኃ ተከበው አሳልፈውታል።

እንዲህ ያለ መጽሐፍ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ለሰዓሊ ከብዙ ምክር ይበልጣል ባዮች ነን። ብራና ቆዳ ይሁን እንጂ ሞጆ ያሉት ፋብሪካዎች የሚያወጡት ዓይነት ቆዳ አይደለም። የጫማና የጃኬት ቆዳ ይለፋል። ብራና አይለፋም፤ ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ በእንጨት ውጥር ላይ በገመድ ይወጠራል፣ ሥጋውና ስቡ በስለት ይፋቃል፣ በድንጋይ ይታሻል፣ ፀጉሩ ይነሣል፣ እንደተወጠረ ይደርቃል። ስለዚህ ገጹ ጠንካራ ነው፤ ቀለምን እንደ ወረቀት ወደ ውስጥ አይመጥም፣ ላዩ ላይ ያስቀምጠዋል። ፀጉር የነበረበት ፊትና ሥጋ የነበረበት ፊትም አንድ ዓይነት አይደሉም። ጸሐፊው ዳርና ዳሩን በወስፌ ይወጋና ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ያለ ቀለም ያሰምራል። የገጹ የመጀመሪያ መስመር የሚታየው በጥላው ብቻ ነው ማለት ነው።

ጥቁሩ ቀለም ከምጣድና ከድስት ቂጥ የሚፋቅ ጥላሸትና የተቆላ እህል ይገባበታል፤ ለወራት እየተወቀጠና እየተብላላ ይሰነብታል፣ ይደርቃል፣ ሲፈለግ በውኃ ይበጠበጣል። ማስቀመጫው መሬት ላይ የሚተከል የከብት ቀንድ ነው። ብዕሩ መቃ ነው፤ አንዱ ለጥቁር፣ አንዱ ለቀይ፣ ቅዱሳት ስሞች በቀይ ስለሚጻፉ። መቃ የሚይዘው ቀለም ጥቂት ነው። ስለዚህ መስመሩ ከመጀመሩ በፊት የት እንደሚያልቅ መወሰን አለበት። እጅ ቢዘገይ መስመሩ ያብጣል፤ ቢቸኩል ይቆራረጣል። ጫፉ ጠፍጣፋ ሆኖ ስለሚቀረጽ በአንድ አቅጣጫ ሲሄድ ይወፍራል፣ ሲዞር ይቀጥናል፤ ውበቱን የሚሰጠው ራሱ መሣሪያው ነው። ስሕተትን ማረም ይቻላል፣ በስለት ፍቆ። ጠባሳው ግን ይቀራል። ወደ ኋላ መመለስ አለ፤ ነጻ አይደለም እንጂ።

እንዲህ የሠለጠነ እጅ የት እንደሚደርስ ማየት የፈለገ ወደ ሰሜን ይዝለቅ። በትግራይ፣ አጋሜ የሚገኘው የጉንዳ ጉንዶ ገዳም በ15ኛውና በ16ኛው ክፍለ ዘመን የተሣሉ መጻሕፍቱ የታወቁት በመስመራቸው ነው። የቅዱሳኑ ልብስ በጎን ለጎን መስመሮች ብቻ ይታጠፋል፤ አካልን ለማጉላት የገባ ጥላ የለም። በየደብተራው እጅ የተሠሩት ክታቦችም አሉ፤ ብዙ ጊዜ በባለቤቱ ቁመት ልክ የሚቆረጡ ጠባብ ጥቅል ብራናዎች፣ ትልልቅ ዓይኖች የሚያፈጡባቸው።

ቀጥሎ ያለው ታሪክ ትንሽ ያናድደናል። በ1950 ዓ.ም. አለ ፈለገ ሰላም አዲስ አበባ ላይ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን ሲያቋቁሙ መሠረቱ የምዕራቡ አካዳሚ ሥርዓት ነበር፤ እሳቸውም የተማሩት ቺካጎ ነው። በዚህ አንወቅሳቸውም፤ ትምህርት ቤቱ ባይኖር ቀጥሎ የመጣውም አይመጣም ነበር። ግን ክታብ ጥንቆላ እንጂ ሥዕል ተብሎ ለመታየት እስክንድር ቦጎሲያንን መጠበቅ ነበረበት። እስክንድር እ.ኤ.አ. በ1955 ለትምህርት ወደ ለንደን ሄደ፤ ከዚያ ፓሪስ ኖረ። በ1966 ተመልሶ እስከ 1969 እዚያው ትምህርት ቤት አስተማረ። በሥራዎቹ ላይ የጥቅል ብራናው አቀማመጥና የደብተራው ዓይን ይታያሉ፤ ሸራን እየተወም በብራናና በዛፍ ልጥ ላይ ሠርቷል። ተማሪው ዘሪሁን የትምጌታ ደግሞ በቀርከሃ ዘንጎች ላይ እየሠራ እ.ኤ.አ. በ1992 በዳካር ቢያናሌ ተሸለመ። መስመራችን ፓስፖርት አውጥቶ፣ ፓሪስን ዞሮ ነው የገዛ ቤቱ የገባው።

እናንተ ግን ፓሪስ መሄድ አይጠበቅባችሁም። ሐይቅ ዳር ሸምበቆ አለ፤ አንዱን አድርቃችሁ ጫፉን በምላጭ አጋድማችሁ ቁረጡ፣ መሐሉን ትንሽ ሰንጥቁ። ጥላሸት አንፍሱና በውኃ ከሟሟ የግራር ሙጫ ጋር ለውሱ፤ ደብተራው ለወራት የሚያብላላው ቀለም አይሆንም፣ ለልምምድ ግን ይበቃል። በማንኛውም ወፍራም ወረቀት ላይ አንድ ባጃጅ በአሥር መስመር ሳሉ። አሥራ አንደኛው አይፈቀድም። ነገ ያንኑ ባጃጅ በስምንት። ትከሻችሁ አብሮ ሲንቀሳቀስ ይታወቃችኋል፤ ታብሌት ላይ የሚደክመው አንጓ ብቻ ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ ታብሌታችሁ ተመለሱ፤ ምልክቷን ስንት ጊዜ እንደነካችሁ ቁጠሩና ንገሩን።

ጥላሸቱን ስትፍቁ ነጭ ሸሚዝ አትልበሱ።